ጥሩ ልጅ ተብላ እንዳትጠራ

ሰኞ

ልጅን ያህል ነገር በጠራራ ፀሐይ፣ ከባንዲራው ሥር አቁመው! ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? እስካሁን ይቀፈኛል።

አዲሱ ርዕሰ መምህር ወላጅ ሁሉ ለጠዋት ሰልፍ ይምጣ ብሎ አስጠራን። እኔ ለሰብለ አያትም እናትም ነኝና ሄድሁ። እናቷ፣ ልጄ፣ ወልድያ ምግብ ቤት ትሠራለች፤ ለበዓል ነው የምትመጣው። ባንዲራ ተሰቀለ፣ ተዘመረ። ከዚያ ይሄ ልጅ (ርዕሰ መምህሩን ነው፤ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም) ድምፅ ማጉያውን ይዞ «ከዛሬ ጀምሮ በየሰኞው በሥነ ምግባሩ የተመሰገነ ልጅ እንሸልማለን» አለ። እኔም በሆዴ እሰየው አልሁ። ልጆቹ እኮ ባልገዋል። ባጃጅ ላይ ድንጋይ ይወረውራሉ፤ የዘበኛውን የአያ ሰይድን ከዘራ ደብቀው ሽማግሌውን በፍለጋ ሲያንከራትቱት ይውላሉ። ግዴለም፣ ጥሩው ይመስገን።

የተጠራው ናቲ ነው፤ የባለሱቋ የእቴነሽ ልጅ። ከሰብለ ጋር ሦስተኛ ክፍል ነው። ደህና ልጅ ነው፤ ጀሪካን ይዘሽ ሲያይሽ ሮጦ ነው የሚቀበልሽ። አንገቱ ላይ ቢጫ ጨርቅ አጠለቁለት። «ንጽህናውን እዩት! ጥርሱን እዩት! ቁመናውን እዩት!» ይላል ርዕሰ መምህሩ። ጥርሱን! በሬ ሊሸጥ ነው እንዴ? «ይደግ» የለ፣ «ይባርከው» የለ፣ «ማሻአላህ» የለ። ባዶ ምስጋና። ሜዳው ደግሞ ሙሉ ዓይን።

ይባስ ብሎ «ወላጆች፣ እስቲ እናንተም አመስግኑት» አለን። ማን ይተነፍሳል? ሴቱ ሁሉ ነጠላውን ወደ አፉ። እናቱ እቴነሽ አመድ መሰለች። ልጁ ቆሞ ቀረ። ያን ጊዜ ወርቄ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ከኋላ «እንዴት ያለ ልጅ ነው! እንዴትስ ያምራል! ምነው ለእኔም እንዲህ ያለውን በሰጠኝ!» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

ወርቄ ከደጋ የወረደች ናት። ባሏ ሞቶባት ከልጇ ከታንጉት ጋር በሰፈራችን ጫፍ ጭቃ ታቦካለች። በእሷ ምንቸት ያልሠራ ቤት የለም። ዓይኗን ግን… ይባላል። ሸክላ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይባላል።

ቤት ስገባ ሰብለን ጠርቼ ግንባሯ ላይ እንትፍ እንትፍ አልሁባት። ታንጉት ቆሎ ብትሰጥሽ እንዳትቀበያት አልኋት፤ አንድ ወንበር ላይ ናቸው የሚቀመጡት። ጥንቃቄ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ማክሰኞ

ናቲ ታመመ።

ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ አደረ አሉ። ትኩሳት፣ ትውከት። ጠዋት ስኳር ልገዛ እቴነሽ ሱቅ ብሄድ ሱቁ ዝግ፣ ግቢው ሙሉ ሴት። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚያንሾካሹከው። «በላችው» ይላሉ። «ከባንዲራው ሥር በላችው።»

እኔ ደግሞ ዓይኔ ወዴት ሄደ? ወደ ጫጩቶቹ። ከጤና ጣቢያ የታደለን አጎበር፣ ያ ሰማያዊው፣ የእቴነሽ ጫጩት ቤት ሆኗል። ዙሪያውን በሚስማር መትታ፣ ጫጩቶቹ ውስጡ ደልቷቸው ይጫወታሉ። ልጇ ከአጎበር ውጭ ነው የሚተኛው። ወሩ ደግሞ ኅዳር ነው፤ ማሽላው ደርሶ፣ ውሃው በየጉድጓዱ ተኝቶ፣ ትንኙ እንደ ሠርገኛ የሚዘፍንበት። ልናገር አፌን ከፈትሁ። «እትዬ፣ አሁን የአጎበር ጊዜ ነው?» ብላ አንዷ አፌን አስያዘችኝ። እውነቱን ብናገር እኔም ወርቄን ጠርጥሬ ነበር።

የሚያስጠላው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ከሰዓት እቴነሽ ከነጓደኞቿ ወርቄ ደጅ ሄዱ። ምን ፈልገው? ከቀሚሷ ጫፍ ቅዳጅ። ልጁን ሊያጥኑበት። ወርቄ ከጭቃው ላይ ተነስታ ቆመች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። መቀስ የያዘችው ያቺ ጉረኛዋ የእቴነሽ አማች ናት። ጎንበስ ብላ ቆረጠች። ወርቄ ቀና ብላ ሰማይ ታያለች፣ ታንጉት በሩ ላይ ቆማ እናቷን ታያለች። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁ። አልተሻገርሁም። ኤዲያ! ሰው የሰውን ልብስ ከገላው ላይ፣ እንደ በግ ጸጉር!

ከዚያ ቤት ምንቸት ገዝተው ወጥ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው እኮ። ወጡ አልበላቸውም?

ረቡዕ

ዛሬ ሦስተኛ ክፍል የሆነውን ሰብለ እንደነገረችኝ፦

አንዱ አስተማሪዋ ፊት አፍንጫውን ጎርጉሮ ወንበር ላይ ለጠፈ።
አንዷ ጸጉሯን ሳታስበጥር፣ ፊቷን ሳትታጠብ መጣች። እናቷ ናት «እንዳትታጠቢ» ያለቻት።
ሁለት ወንዶች እየተሳሳቁ ተደባደቡ። እየተሳሳቁ!
አስተማሪዋ «ማነው ሰሌዳ የሚያጠፋልኝ?» ብትል አንድ እጅ አልወጣም። በፊት ለዳስተሩ ይራገጡ ነበር።

ለካ እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን «ሰኞ ስምህ እንዳይጠራ ትንሽ በልግ» ብለው ልከዋል። ጥሩ ልጅ የተባለ ይታመማላ! ርዕሰ መምህሩ ልጆቹን ጨዋ ላድርግ ብሎ መቶ ባለጌ አፈራ። በሦስት ቀን ውስጥ! እኔ በዕድሜዬ እንዲህ የቀናው ባለሙያ አላየሁም።

ሳቅሁ። ከዚያ ሰብለ «እኔም ወንበር ቀየርሁ» አለች። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

«ከማን ጋር ሆንሽ?»

«ከኋላ። ታንጉት ብቻዋን ናት። ማንም አይቀመጥም ከእሷ ጋር። ቁጭ ስትል እንዲህ ያደርጋሉ» ብላ በሁለት ጣቷ መስቀል ሠራች።

ደሜ ፈላ። «ማን አስተማረሽ ይሄን ብልግና? የማን ልጅ ነሽ አንቺ? ጓደኛሽ አይደለችም?»

ቀና ብላ አየችኝ። አፏ የእኔ ነው፤ እናቷን ዘሎ ነው እሷ ጋ የወረደው። «አንቺ ነሻ! ሰኞ ቆሎዋን እንዳትበይ አላልሽም? ግንባሬ ላይ እንትፍ አላልሽም?»

ምን ይባላል ለዚህ? ማማሰያ አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥሁ። እራት አልበላሁም። የልጅቱ አፍ አይደለም ያስጠላኝ፤ የራሴ ነው።

ሐሙስ

ናቲን ዛሬ ጎህ ሲቀድ ዓይኑ ሲገለበጥ ነው ወደ ጤና ጣቢያ የወሰዱት። ጭሱ አልሠራማ። ባጃጅ ጠርተው፣ እኔም ተከትዬ ሄድሁ። ጣቱን ወጉት፣ ደሙን አዩት፣ ወባ ነው። ልጅቱ፣ ነርሷ፣ «ትናንትና ብታመጡት ኖሮ» ብላ ተቆጣች። መድኃኒት ጀመረ። ተመስገን።

ደስ ብሎኝ «አየሽ እቴነሽ፣ ወባ ነው፤ ወርቄን ይቅርታ ጠይቂያት» አልኋት። ምን አለችኝ?

«እሺ ወባ ነው፤ ወባውንስ ማን ላከው?»

ይሄንን የሚያሽር መድኃኒት ጤና ጣቢያም የለ።

ከዚያ ቀጥ ብዬ ወርቄ ጋ። መንገዱን ተሻገርሁ ዛሬ። ታንጉት ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ ደጅ ቁጭ ብላ ከሸክላው አፈር ድንጋይ ትለቅማለች። ወርቄ ማድጋና ምንቸት እየደረደረች ነው። ጥሬ ነው ሁሉም፣ አልተተኮሰም።

«ወዴት ልትሄጂ ነው?» አልኋት።

«ሮቢት፣ እህቴ ዘንድ። ጥሬውን ይዤ ብሄድ መኪናው ላይ ዱቄት ይሆንብኛል። ይደርቅና ሰኞ ማታ እተኩሰዋለሁ፣ ማክሰኞ እሄዳለሁ።»

«የታንጉት ትምህርትስ?»

«እዚያ ያለው ትምህርት ቤት በአጋማሽ አይቀበልም አሉኝ። ትቀመጥ። ብቻዋን ወንበር ላይ ከምትቀመጥ ቤት ብትቀመጥ ይሻላል።»

ሁለተኛ ክፍልን አንደኛ ወጥታ ያለፈች ልጅ! ጭቃ ልትረግጥ!

«ለመሆኑ አንቺስ» አልኋት፣ «ምን ብለሽ ነው እንዲያ አፍሽን የከፈትሽው? ሰው ሁሉ ዝም ሲል አታይም?»

ወርቄ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ በተቆረጠው በኩል። «እሱ እኮ ነው» አለች። «ሰው ሁሉ ዝም ሲል ነው። ልጁ ያን ጨርቅ አንገቱ ላይ አድርጎ ቆሞ ዙሪያውን ያያል፣ አንድ ሰው ይጥፋ? እናቱ እንኳ? ሊያለቅስ ደርሶ ነበር እትዬ፤ አላያችሁትም። አሳዘነኝ።»

አላየሁትም። እኔ የሰውን ዓይን ስቆጥር ልጁን አላየሁትም።

አብሽሪ አልኋት። ሌላ ምን እላለሁ? እስከ ሰኞ ማታ ድረስ ጊዜ አለኝ እንግዲህ።

ዓርብ

ርዕሰ መምህሩ ጋ ሄድሁ። ሁሉንም ነገርሁት። ወንበሩን ገፋ አድርጎ «እናቴ፣ ይሄ ኋላ ቀር አመለካከት ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልሁት። «እኔም ጋ ትንሽ አለ። ግን አሁን ልጅቱን ምን እናድርጋት?»

«አስቤበታለሁ። ሰኞ ታንጉትን እሸልማታለሁ። በሰልፍ ፊት ጨርቁን አጠልቅላትና ስለ ጎጂ ልማድ ንግግር አደርጋለሁ። እናቷንም ወደ ፊት እጠራለሁ። ከወረዳም ሰው ይመጣል።»

ክው አልሁ። «አንተ ልጅ፣ የምትወልድ ነህ? ያቺን ልጅ ብቻዋን አቁመህ ማን ሊያጨበጭብላት ነው? አንድ ሰው ባያጨበጭብስ? ንግግርህ ሰፈሩን ሁሉ ጣቱን ወደ እናቷ ያስቀስረዋል!»

«ማጨብጨብ ግዴታ ይሆናል» አለኝ።

ግዴታ! ፍቅርም በግዴታ፣ ጨዋነትም በግዴታ። ወረቀት ሙሉ ያነበበ ልጅ፣ የሰው ፊት ማንበብ ያልደረሰበት። ክፉ አይደለም እኮ። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሰድበው ነበር።

በር ላይ አያ ሰይድ ያዘኝ። «ምን አለሽ?»

ነገርሁት። ሳቀ። «ላም ስታመሰግኚ እንኳ ማሻአላህ ትያለሽ፤ ይሄ ልጅ ላም አልጠበቀም» አለ። ከዚያ ሳቁን ትቶ «ልጅቱን ሰኞ እንዳታመጧት» አለኝ። እሱም አልገባውም። ሰኞ ከቀረች ለዘላለሙ ቀረች ማለት ነው።

ቅዳሜ

ዛሬ ያደረግሁትን ጻፍሁ እንጂ አልኮራበትም።

ሌሊቱን አሰብሁ። ሰው የሚያምነው ነገር ሲያይ ነው አልሁ። ወርቄ የእኔን ልጅ በሰው ፊት ታመስግናት፤ ልጄ ደህና ትሁን፤ ሰው ይይ። አለቀ! ብልህ ነኝ አልሁ።

ቦኖ ውሃ የሚመጣው ቅዳሜ ነው፤ ሴቱ ሁሉ ጀሪካኑን ደርድሮ እዚያ ነው። ሰብለን አጠብሁ፣ ጸጉሯን ሠራሁ፣ ቅቤ ቀባሁ፣ የፋሲካውን ቀሚስ አለበስሁ። ልጅቱ እንደ ሙሽራ! ወርቄ ከሰልፉ ጫፍ፣ ከሁሉም ራቅ ብላ ቆማለች። ሰብለን በእጇ ጎትቼ ሄጄ አቆምኋት። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«ወርቄ! እስቲ ልጄን አመስግኚልኝ። በሰው ፊት። ምንም አልፈራም!»

ውሃው ብቻ ይንፏፏል። እቴነሽም አለች፤ አፏን ከፍታ።

ወርቄ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ቀስ ብላ «እትዬ፣ ምን አደረግሁሽ?» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ነገ ልጅሽን ሳል ቢይዛት እኔ አይደለሁ የምቀደደው? ባትፈሪ አንቺ ነሽ። ለእኔ ማን ይፍራልኝ?»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጀግንነቴ ሁሉ በእሷ ጀርባ ላይ ነው ለካ።

ከዚያ ወርቄ ጎንበስ ብላ ሰብለን አየቻት። ረጅም አየቻት። ሰው እንዲሰማ አድርጋ፣ «አላመሰግናትም» አለች። «ቀሚሷ ጥሩ ነው። ጸጉሯ ጥሩ ነው። እሷ ግን ከልጄ ጎን ወንበር ለቃ የሄደች ልጅ ናት። ጥሩ ስትሆን አመሰግናታለሁ።»

ጀሪካኗን ይዛ ተራዋን ሳትጠብቅ ሄደች፣ ባዶውን።

አንድም ሴት አልሳቀችም። ሰብለ ቅቤዋ በግንባሯ እየወረደ ቤት እስክንደርስ አለቀሰች። ምስጋና የሚፈሩ ሴቶች ሁሉ ፊት፣ የእኔ ልጅ ምስጋና ተከለከለች። ከተማው ሙሉ ሲሸሸው የነበረውን እሷ አጣችው ብላ ታለቅሳለች!

እሑድ

ናቲ ድኗል። ከደጃቸው ኳስ ሲለጋ አየሁት፤ ከስቷል እንጂ ደህና ነው። እቴነሽ ጫጩቶቹን አውጥታ አጎበሩን አጥባ አስጥታዋለች። አላናገርኋት፤ አላናገረችኝ። አጥባዋለች፣ በቂ ነው።

ሰብለ ማታ እግሬን እያጠበችኝ፣

«እማዬ፣ ምን ባደርግ ነው ወርቄ የምታመሰግነኝ?»

«ለምን ፈለግሽው? አትፈሪም?»

«እፈራለሁ» አለች። «ግን እሷ ዝም ብላ አታመሰግንም።»

ምን ልበላት? ታውቂዋለሽ አልኋት። እግሬን ሳታደርቀው ሄደች።

ሰኞ

በቁርጥራጭ ልጻፈው።

ጠዋት ወርቄ ቤት ሄድሁ። አልለመንኋትም፤ ይቅር በይኝ ብቻ አልሁ። ታንጉት ራሷ ደብተሯን ይዛ ወጣች። «የመጨረሻዬ ቢሆንም እሄዳለሁ፤ ዛሬ ሒሳብ አለ» አለች። ወርቄ ቀረች። መቅረቷ በጀ።

ሰልፉ ላይ ርዕሰ መምህሩ እንዳለውም ታንጉትን ጠራ። ከወረዳ የመጣ ሰው የለም። ከሜዳው አንድም እጅ አልተነሳም። እኔ ላጨበጭብ እጄን አነሳሁ፣ አያ ሰይድ ከበሩ ላይ ከዘራውን አነሳ። ልጅቱ ግን ከሰልፉ አልወጣችም። ከቆመችበት፣ በቀጭን ድምፅ፣

«እኔ አልፈልግም። መማር ነው የምፈልገው።»

ርዕሰ መምህሩ ጨርቁን ይዞ ቆመ። ወደ እኔ አየ፣ ወደ ልጅቱ አየ። ከዚያ ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ንግግሩንም አልተናገረ። «ወደ ክፍል» አለ ብቻ። ከመጣ ወዲህ የተናገረው ምርጡ ነገር ነው።

ሰብለ ለምሳ ስትመጣ የነገረችኝ፦ ወደ ድሮው ወንበሯ ሄደች። ታንጉት ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ «ተይዟል» አለቻት። ሰብለ ቆማ ተማረች። አስተማሪዋ ቁጭ በይ ብትላት «ቦታዬ ተይዟል» ብላ ቆመች። ከዕረፍት በኋላ ታንጉት ቦርሳዋን ትንሽ ሳብ አደረገች። ሰብለ በግማሽ ቂጧ ተቀምጣ ተማረች። በግማሽ! ልጆቹ በጣታቸው መስቀል ሠሩባት፤ ለሁለቱም። «ይሥሩ» አለችኝ።

ደስ ብሎኝ ልሞት ነው ስል፣ ከሰዓት ስትመለስ ዝም ብላ ተኛች። ግንባሯን ብነካው ይሞቃል።

መጀመሪያ ማን ትዝ አለኝ? አልጽፈውም። ራሴን ተጸየፍሁት፣ ያውም ዛሬ፣ ያውም ከዚህ ሁሉ በኋላ። በዚያች ሀሳብ ላይ ቁጭ ብል ኖሮ እስከ ጀንበር መጥለቂያ ጎረቤት ሁሉ ይሰማ ነበር። ነጠላዬን ይዤ ወጣሁ። ሌላ ሰው ሳይነግራት እኔ ልንገራት ብዬ፣ ወርቄ ዘንድ።

ወርቄ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። አዲስ ጭቃ። ነገ የሚሄድ ሰው አዲስ ጭቃ አያቦካም፤ አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቃት ሐሳቧን እንዳትቀይር ፈራሁ። «ሰብለ ግንባሯ ሞቋል» አልኋት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። «ልትነግሪኝ መጣሽ ወይስ ቀሚሴን ልትቀጂ?» አለችኝ።

«እንድታዪያት» አልሁ።

እጇን ታጠበች፣ በመንገዱ መሐል አብረን መጣን። እቴነሽ ከሱቋ ሆና አየችን። ሌሎችም አዩን። ይዩ።

ወርቄ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ እጇን የሰብለ ግንባር ላይ አደረገች። አልዋሽም፣ «እንትፍ በይ» ይለኛል አፌ። ልጅቱ ዓይኗን ገልጣ አየቻትና «ቆሜ ተማርሁ» አለቻት።

«ሰማሁ» አለች ወርቄ። «ታንጉት ነገረችኝ። ጎበዝ ነሽ።»

ሜዳው የለ፣ ጨርቁ የለ፣ ጭብጨባው የለ። ሰብለ ፈገግ ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ፀሐይ የመታት ይመስለኛል» አለችኝ ወርቄ። «ውሃ አጠጫት። ካልበረደላት ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ነው፤ እኔም እመጣለሁ።»

አሁን ተኝታለች። አጎበሩን አውርጄላታለሁ። ግንባሯ ትንሽ የቀዘቀዘ ይመስለኛል፤ ወይም እጄ ነው የሞቀው፣ አላወቅሁም። ነገ ይታያል። አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፤ ወርቄ ስትነካት አፌ ሊል የፈለገውን አላለም። የእኔን አፍ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።